ጭራዋን የተሸለተችው ባዝራ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው አበባ በለበሰበት፣ ዝንቡም ከአበባው በበለጠበት ወራት፣ ቦራ የምትባል ባዝራ ጭራዋን ተሸለተች። ቦራ የተባለችው ግንባሯ ላይ ባለው ነጭ ምልክት ነው። በአገሩ ካሉት ፈረሶች መካከል እንደ እሷ ያለ ጭራ ያለው አልነበረም፤ ጥቁር፣ ረጅም፣ ስትራመድ ሣሩን እየጠረገ የሚከተላት፣ ስትጋልብ ከኋላዋ እንደ ነጠላ ጫፍ የሚንሳፈፍ ጭራ ነበራት።

የጌታዋ ልጅ ሊዳር ሆነና ጌትየው ለአዲሱ አማቹ፣ ለሙሽራዋ አባት፣ ምን ይዞ እንደሚሄድ ሲያስብ ሰነበተ። በመጨረሻ ዓይኑ የቦራ ጭራ ላይ አረፈ። አማቹ በሽምግልና የሚቀመጥ ትልቅ ሰው ነው፤ ትልቅ ሰው ደግሞ ከፊቱ ዝንብ የሚያባርርበት የፈረስ ጭራ በእጁ ሲይዝ ያምርበታል። ስለዚህ አንድ ጠዋት መቀስ ይዞ መጣ፤ ባዝራዋን ከአጥሩ ምሰሶ ጋር አሰረና ጭራዋን ከሥሩ ሸለተው። አጠበው፣ አበጠረው፣ ጥሩ እጀታ አበጀለትና ይዞት ሄደ። አማቹ እጅግ ደስ አለው ይባላል። ቦራን ደስ ይላት እንደሆነ የጠየቃት ግን አልነበረም። ለእሷ የቀረላት ያለቀ መጥረጊያ የመሰለ ጉማጅ ነው።

ጠዋት ያሳፈራት መልኳ ነበር። ውኃ ስትጠጣ እንኳ ጥላዋን ላለማየት ዓይኗን ጨፈነች። ቀትር ሲሆን ግን መልኳን ረሳችው፤ ዝንቡ መጣ።

የዚያ ሜዳ ፈረሶች ከዝንብ የሚድኑበት የቆየ ዘዴ ነበራቸው። ፀሐይ ስትከር ጥንድ ጥንድ ሆነው ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ የአንዱ ራስ በሌላው ጅራት በኩል፣ የሌላው ራስ በዚህኛው ጅራት በኩል ይሆናል። አንዱ ጭራውን ባወዛወዘ ቁጥር የጓደኛው ፊት ይጠረጋል። እንዲህ እየተጠራረጉ ዓይናቸውን ከድነው፣ ከንፈራቸውን ጥለው ያንቀላፋሉ። ከማን እንደተማሩት የሚያውቅ የለም፤ እናቶቻቸው ሲያደርጉት አይተው ያደጉበት ነገር ነው።

የቦራ ጥንድ ዳማ ነበር። ዳማ ቀይ ፈረስ ነው፤ ክፋት የሌለበት፣ ግን ምቾቱን በጣም የሚወድ። ከውርንጭላነታቸው ጀምሮ ከሌላ ጋር ቆመው አያውቁም። በዚያ ቀትርም እንደ ወትሮው ተጠጋችውና ቆመች። የእሱ ጭራ ፊቷን እያበሰ ሲመላለስ ልቧ ትንሽ ረጋ። እሷም በልማድ ጅራቷን አወዛወዘች፤ ጉማጁ ግራና ቀኝ አለና አንድም ዝንብ ሳያስነሳ ቀረ።

ዳማ መጀመሪያ ታገሠ። ጆሮውን አራገበ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ አነጠሰ። ዝንቦቹ በዓይኑ ጥግ ተሰልፈው እንባውን ይጠጡ ጀመር። አንዱ በአፍንጫው ቀዳዳ ገብቶ መውጫ ሲያጣ፣ ዳማ እግሩን ወደ ኋላ ሳበና አፉን ከፈተ።

«ቦራዬ፣ ጥፋቱ ያንቺ እንዳልሆነ አውቃለሁ» አላት። «ግን ዓይኔ ሊጠፋ ነው። እኔ ያንቺን ፊት ስጠርግ እውላለሁ፤ የእኔን ማን ይጥረግልኝ?»

ቦራም ሂድ አለችው። እሱም ጭራዋ ሲያድግ እንደሚመለስ ቃል ገባላትና ከመንጋው ጋር ወደምትግጠው በቅሎ ሄደ። በቅሎዋ ከማንም ጋር የማታወራ ዝምተኛ ናት፤ ጭራዋ ግን ረጅም ነው። የፈረስ ጭራ የሚያድገው ደግሞ እንደ ጎመን አይደለም። ይህን ዳማም ያውቃል፣ ቦራም ታውቃለች፤ ሁለቱም ሳይናገሩት ተለያዩ።

ከዚያ በኋላ ቦራ ሜዳውን ሁሉ ዞረች። አንዱ ጥንድ አለኝ አላት። አንዷ በሚቀጥለው ሳምንት ነይ አለቻት። አንድ ሽማግሌ ፈረስ ገና ስትመጣ አይቷት ዓይኑን ጨፍኖ ማንኮራፋት ጀመረ፤ ፈረስ ቆሞ እንደዚያ እንደማያንኮራፋ ሁለቱም ያውቁ ነበር። ቦራ አልተከራከረችም። ራሷን ችላ ልትኖር ወሰነች።

በመጀመሪያ ወደ ረግረጉ ወርዳ ጭቃ ውስጥ ተንከባለለች። ከሰኮናዋ እስከ ጆሮዋ ጭቃ ተለብጣ ስትወጣ ዝንቦቹ መናከሻ ቦታ አጥተው ግራ ተጋቡ፤ እሷም ዘዴው ገባኝ ብላ ደስ አላት። ፀሐዩ ግን ጭቃውን አደረቀው፣ ሰነጠቀው፣ እየቀረፈ ጣለው። በዚያ ላይ የረግረጉ ትንኝ ገና አሁን እንግዳ እንደመጣለት ሆኖ ተከተላት። ደግሞ ወደ ኮረብታው ጫፍ ወጣች። እዚያ ነፋሱ ዝንብ አያስቀምጥም፤ ግን ሣርም አያበቅልም፤ ድንጋይ ስትልስ ዋለች። ከሰው ደጃፍ ለጥጆች ተብሎ ኩበት ሲጨስ አይታ ጭሱ ውስጥ ልትቆም ሄደች፤ ጥጆቹን ትረግጫለሽ ተብላ በዱላ ተባረረች። ሮጠችም። ትልልቆቹ ተናካሽ ዝንቦች ግን ከእሷ ይፈጥኑ ነበር፤ ስትቆም ቀድመው ደርሰው ጠበቋት።

እንዲህ ሆኖ መብላት አልተቻላትም። አንድ ጉርሻ ሣር ነጭታ እግሯን ትመታለች፤ ደግሞ ነጭታ ሆዷን ለመከላከል ትዞራለች። ጎኗ ገባ፣ አጥንቷ ወጣ። ከንክሻው በላይ የሚያማት ግን ከሩቅ የምታየው ነበር፤ ዳማና በቅሎዋ በጥላው ሥር ጎን ለጎን ቆመው፣ ዓይናቸውን ከድነው፣ ጭራቸውን በዝግታ ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዙ።

ቦራን በእነዚያ ቀናት አተኩሮ ያያት አንድ ፍጡር ብቻ ነው፤ ቀበሮ። ከመንጋው ተለይታ የምትውል ፈረስ ከቀበሮ ዓይን አታመልጥም። ፈረስ ለቀበሮ አፍ ትልቅ ነው። ቢሆንም አፉ ለፈረስ የሚበቃ አንድ ወዳጅ ያውቃል፤ ያ ወዳጁ ደግሞ ሲያካፍሉ አብልጦ መውሰድን እንጂ ማሰብን አያውቅም።

አንድ ቀትር ላይ ቀበሮው ከቁጥቋጦ ውስጥ ወጣና፣ የራሱን ለምለም ጭራ እሷ እንዳታይበት ከሥሩ አጥፎ ተቀመጠ።

«እሜቴ ቦራ፣ እንደምን ዋሉ?» አላት።

ቦራ ደነገጠች። ጭራዋ ከተሸለተ ወዲህ እንዴት ዋልሽ ያላት አልነበረም። ቀበሮው ቀስ ብሎ ንግግሩን ቀጠለ። ሥቃይዋን እያየ እንቅልፍ እንዳጣ፣ እንደ እሷ ያለች የተከበረች ባዝራ ለዝንብ መጫወቻ ስትሆን ማየት እንዳልቻለ ነገራት። ከገደሉ ሥር ጨለማና ቀዝቃዛ ዋሻ አለ፤ ዝንብ ፀሐይ ይወዳል እንጂ ጨለማ አይደፍርም፤ ቀትሩን እዚያ አሳልፋ ሲበርድ ወጥታ መጋጥ ትችላለች። መንገዱን እሱ ያሳያታል።

ለዚህ ምን እንደሚፈልግ ጠየቀችው።

«ጤናዎን ብቻ» አለ ቀበሮው፤ ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ።

ቦራ ቀበሮ ማን እንደሆነ የማታውቅ ሞኝ አልነበረችም። በዚያ ሜዳ ያደገ ውርንጭላ ሁሉ ሣር ከመልመዱ በፊት ከቀበሮ ምክር መራቅን ይለምዳል። ልትመልሰው አፏን ስትከፍት ግን አንድ ትልቅ ዝንብ ከሆዷ ሥር ለስላሳውን ቆዳ ነከሳት። ከቀበሮው ንግግር ሁሉ ያሳመናት እሱ ነው። ተከተለችው።

በመንጋው አጠገብ ሲያልፉ ዳማ አንድ ዓይኑን ከፈተና ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት። ዝንብ ወደሌለበት እንደሆነ ነገረችው። ትንሽ ቆም አለች፤ ከማን ጋር እንደሆነች እንዲያይ፣ አትሂጂ እንዲላት። ዳማ እንኳን ደስ ያለሽ ብሏት ዓይኑን መልሶ ከደነ።

ዋሻው አፉ ጠባብ ነበር። ገና ሲቀርቡት መጥፎ ሽታ ተቀበላት፤ በአፉ ላይም ዝንብ እየተርመሰመሰ ወደ ውስጥ ይገባል። ቦራ ቆመች። ዝንብ አይገባበትም ብሏት እንደነበር ለቀበሮው አስታወሰችው። እሱ አልተጨነቀም። ሲገቡ እንጂ ሲወጡ አይታዩም፣ ጨለማው ይጨርሳቸዋል አላት። ወዲያው አንድ የጠገበ ዝንብ ከውስጥ ወጣና በቀበሮው ፊት ዞሮ ሄደ። ቀበሮው ወደ ሰማይ ተመለከተ።

ቦራ አንገቷን አስገባች። ዋሻው በእርግጥ ቀዝቃዛ ነበር። የፊት እግሮቿን አስገባች። ከስንት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፀሐይ ከጀርባዋ ላይ ወረደ፤ የተቃጠለ ቆዳዋም ጥላ አገኘ። ያ ሽታ የምን እንደሆነ ልታስብ ሞክራ ነበር፤ ድካሙ አሸነፋትና ዓይኗን ከደነች።

በጨለማው ውስጥ አያ ጅቦ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጧል። ቀበሮው ደጋግሞ አስጠንቅቆታል፤ ባዝራዋ እስከ ዳሌዋ ሳትገባ እንዳይንቀሳቀስ፣ እንዳይተነፍስ፣ በተለይ እንዳይስቅ። ያን ጊዜ ቀበሮው በሩን ከኋላ ይዘጋል፤ ሥጋው የጅቦ፣ ጉበቱ የቀበሮ ይሆናል። አያ ጅቦ ሁሉንም እሺ ብሎ ነበር። ያላሰቡት አንድ ነገር ዝንቡን ነው። ዋሻው አጥንት የሞላበት፣ የጅቦም አፍ ውኃ ነክቶት የማያውቅ ስለሆነ፣ የሜዳው ዝንብ ግማሹ እዚያ ነበር። በከንፈሩ ላይ ሄዱበት፤ ታገሠ። በጆሮው ገቡ፤ ታገሠ። ከዚያ አንዱ በአፍንጫው ገባ። አያ ጅቦ አሰበ፤ ማሰብ ለእሱ ከባድ ሥራ ቢሆንም አሰበ። እንዳትንቀሳቀስ ተብሏል። እንዳትጠይቅ ግን አልተባለም።

«ቀበሮ» አለ በሹክሹክታ፣ «አፍንጫዬን ልከክ ወይስ ገና ነው?»

ቦራ ዓይኗን ገለጠች።

«የገደል ማሚቶ ነው እሜቴ፤ አይሥጉ፣ ይግቡ» አለ ቀበሮው ከኋላዋ ፈጠን ብሎ።

«ማሚቶ አይደለሁም» አለ አያ ጅቦ ቅር ብሎት፤ «እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ሆነ። ቦራ እንዳትዞር ዋሻው ጠበባት፤ ባለ በሌለ ኃይሏ ወደ ኋላ ተወረወረች። ጅቡ ዘሎ በትከሻዋ ላይ ጥርሱን አሳረፈ፤ ቆዳዋ ተቀድዶ አመለጠችው። ቀበሮው ለጉበቱ ሲል በሩን ለመዝጋት ሞክሮ ነበር። ሁለቱ የኋላ እግሮቿ ደረቱ ላይ አርፈው እሾህ ቁጥቋጦ ውስጥ ወረወሩት፤ ተጠቅልሎ እዚያው ቀረ። ቦራ ወጣችና ጋለበች። አያ ጅቦ በቀን መታየት የሚያሳፍረው ነበር፤ አሁን ግን ምላሱ ደም ቀምሷልና ኀፍረቱን ረስቶ ተከተላት።

የጌታዋ ግቢ ሩቅ አልነበረም፤ በር ላይ ውሾች አሉ። ቦራ ወደዚያ በረረች። ትከሻዋ ይቃጠላል፤ እግሮቿ ግን ከዝንብ ሲሸሹ የሰነበቱ ስለሆኑ አላሳፈሯትም። ከኋላዋ የነበረው ማለክለክ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ድናለች። ዞር ብላ ስታይ ጅቡ መከተሉን ትቷል። አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አድርጎ ቆመና ወደ ሜዳው ታጠፈ። በሜዳው ላይ ፈረሶቹ ሁሉ በቀትሩ ሙቀት ዓይናቸውን ከድነው ቆመዋል። ከእነሱ ራቅ ብለው ውርንጭሎቹ በሣሩ ላይ ተጋድመው ተኝተዋል።

ቦራ እዚያው መንገድ ላይ ቆመች። በአንድ በኩል በሩ ይታያታል፣ የውሾቹም ድምፅ ይሰማታል። ወደዚያ ብትገባ ማንም አይወቅሳትም፤ መጥቶ ዝንቧን እሽ ያላለላት መንጋ ነው። ይህን ሁሉ አሰበች፤ ያሰበችው ግን እየሮጠች ነበር፣ የምትሮጠውም ወደ ሜዳው ነው። ጅቡን በጎን ቀደመችውና ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ አሽካካች።

ዳማ የመጀመሪያውን ድምፅ ሲሰማ ነቃ። ያን ድምፅ በመንጋ መካከል ይለየዋል። በቅሎዋ ነቃች፣ ሁሉም ነቁ። እናቶች ውርንጭሎቻቸውን ወደ መካከል ገፉ፤ ቀሪው ፊቱን ወደ ውስጥ፣ ጀርባውን ወደ ውጭ አድርጎ ዙሪያውን ቆመ። አያ ጅቦ ሲደርስ ከፊቱ ያገኘው የሰኮና ረድፍ ብቻ ነው። በግራ ዞረ፤ ሰኮና። በቀኝ ዞረ፤ የበቅሎዋ ሰኮና፣ እሱም ሳያስጠነቅቅ የሚመታ፣ በመንጋጋው አጠገብ ሽው ብሎ አለፈ። ምክር ፈልጎ ወደ ኋላው ተመለከተ፤ መካሪው ገና ቁጥቋጦው ውስጥ ከገላው እሾህ እየነቀለ ነበር። አያ ጅቦ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል አድርጎ፣ ያን ዝንብ እየረገመ ወደ ዋሻው ተመለሰ።

መንጋው እየተነፈሰ ቆመ። ውርንጭሎቹ የሆነው ሳይገባቸው ጡት መፈለግ ጀመሩ። ቦራ ከክቡ ውጭ ነበረች። ከትከሻዋ ደም ይወርዳል፤ ዝንቡም ጊዜ አላጠፋም፣ ደሙ ላይ ሰፈረ። እሷ ግን ከእንግዲህ ለመንቀሳቀስም አቅም አልነበራትም። ራሷን ደፍታ ቆመች።

ያን ጊዜ ዳማ መጣ። በአጠገቧ አለፈና ዞሮ ጀርባውን ሰጣት፤ ጭራው በትክክል ቁስሏ ላይ እንዲደርስ ወደፊትና ወደኋላ እያለ አስተካከለ። ከዚያ መጥረግ ጀመረ። አንዴ፣ ደግሞ፣ ደግሞ። ዝንቦቹ ተነሡ።

«እኔ የምመልስልህ የለኝም» አለችው ቦራ። «ጭራዬ እንዳለ ነው።»

ዳማ መጥረጉን አላቆመም። የራሱ ዓይን በዝንብ ተሸፍኖ ነበር፤ ራሱን አልነቀነቀም።

«ቅድም ስትሄጂ ከማን ጋር እንደሆንሽ አይቼ ነበር» አላት። «አይቼ ዓይኔን ከደንኩ። ተመችቶኝ ስለነበር ነው። አሁን መልሽልኝ አልልሽም፤ ዝም ብለሽ ቁሚ።»

ቦራ ዝም ብላ ቆመች። ጥቂት ቆይቶ ከሌላ ወገን ጥላ ወደቀባት። በቅሎዋ ነበረች። እንደ ልማዷ ምንም ሳትል መጥታ፣ ጭራዋ በዳማ ፊት ላይ እንዲደርስ አድርጋ ቆመች። የዳማ ዓይን ተገለጠ። ሦስቱ እንዲህ ተጠጋግተው ሲቆሙ የቦራ አፍ ከዳማ ጫንቃ አጠገብ ሆነ። እዚያ፣ ጋማው በሚያልቅበት ቦታ፣ መዥገር ተለጥፎበት አየች፤ አንድ ብቻ አይደለም። ወደዚያ የራሱም አፍ አይደርስም፣ የማንም ጭራ አይደርስም። ቦራ ጥርሷን አስጠግታ አንዱን ነቀለችለት። ቀጥላ ሌላውን። ከዚያም ጫንቃውን ከላይ እስከ ታች በጥርሷ ቀስ እያለች አከከችው።

ዳማ ከንፈሩን ጣለ፣ አንገቱን አርዝሞ ዘረጋ። ለበቅሎዋም እንዲሁ አደረገችላት፤ በቅሎዋ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ድምፅ አሰማች፣ ትርጉሙን ግን ማንም አላወቀም። በማግስቱ ያ በሐሰት ያንኮራፋው ሽማግሌ ፈረስ ጫንቃውን ይዞ መጣ። እንደምን ዋልሽ ብሎ ጠየቃት፤ መልሷንም እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማ። ቦራም በዚያ የዝንብ ወራት ቀትሩን ሁሉ በዳማና በበቅሎዋ መካከል ቆማ፣ ዓይኗን ከድና አሳለፈች።

ከዚህ የምንማረው፣ እኩል ሊመልስልን አይችልም ብለን ከመካከላችን የምንገፋው ባልንጀራ የሚሄደው የእሱም የእኛም ጠላት ወደሚጠብቅበት ቦታ መሆኑን ነው።